ማረፍ ያቃተው ተማሪ

ያለፈውን ሳምንት ያላነበባችሁ አትጨነቁ፤ ነገሩ አጭር ነው። ሁለት ሰዎች ተዋደዱ፤ ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ምን ታደርጓቸዋላችሁ! እኔ ብሆን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፌባቸው ቁልፉን ይዤ እጠፋ ነበር፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

እሷ የበረራ አስተማሪ ናት። ከኮረብታው ጫፍ ላይ ተማሪዋን ከፊቷ ታጥቃ፣ ሮጣ ሮጣ መሬቱ ሲያልቅባት አየር ላይ ቁጭ የምትል ሴት። የሜዳው ሰዎች ጭልፊት ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ እሱም የዚያው የበረራ ትምህርት ቤት ሹፌር ነው። ተማሪዎቹንና ሸራዎቹን በአሮጌዋ ፒክአፕ ወደ ላይ ያወጣል፣ ባዶ መኪና ይዞ ይወርዳል፣ ከዚያ ማረፊያው ሜዳ ዳር ቆሞ አንጋጦ ልጁን ይጠብቃል። እናቷ ከሞተች ወዲህ የልጁ እግር መሬት ሳይነካ ምሳውን በልቶ አያውቅም።

እሱ ደግሞ ኢንጂነር ነው። አባቱ ሕንፃ ያሠራሉ፤ እናቱ ደግሞ አባቱን ያሠራሉ። ከዚያ ቤት ወጥቶ መብረር ልማር ብሎ ሲመጣ፣ ሁሉም ሰው “ተዉት፣ የሀብታም ልጅ አመል ነው፤ ሲሰለቸው ይተወዋል” ብሎ ነበር። አልተወውም።

ያገናኘቻቸው ባለ ሁለት ሰው ፓራግላይደር ናት። አይታችኋት የማታውቁ ከሆነ፣ ከላይ ሰፊ ቀይ ሸራ፣ ከሸራው የሚወርዱ ቀጫጭን ገመዶች፣ ከገመዶቹ ጫፍ ደግሞ ፊትና ኋላ የተቆላለፉ ሁለት መቀመጫዎች ናቸው። ተማሪ ከፊት፣ አስተማሪ ከኋላ። ለማስተማሪያ ተብላ የተሠራች ስለሆነች መሪ እጀታዎቿ ድርብ ናቸው፤ የታችኛውን ተማሪው ይይዛል፣ የላይኛውን አስተማሪዋ፤ እሱ ሲሳሳት እሷ ታርማለች። በዚህ አቀማመጥ ሰው ከሰው ፊት ለፊት አይተያይም። ጭልፊት የኢንጂነሩን ማጅራትና ጆሮ ታያለች፤ እሱ ድምፅዋን ይሰማል፣ በቃ። ፍቅር በዓይን ይገባል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የነዚህ በጆሮ ነው የገባው። ሰውየው ሲያፍር ጆሮው እስከ ጫፉ ይቀላል። እሷ ከኋላ “ጎበዝ!” ስትለው ይቀላል። መቅላቱን እሱ አያውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ለብቻዋም ፈገግ ትላለች።

ታዲያ ይህ ሰው ሁሉ ነገር ይሆንለታል። ነፋስ ያነባል፤ ሲዞር እንኳን ሸራው የተኛ ልጅ ይመስል ቀስ አድርጎ ነው። ማረፍ ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ይፈላል። “ሳብ! ሁለቱንም ሳብ! እግርህን አውርድ! ሩጥ!” ትላለች። እሱ ወይ ቀድሞ ይስባል፣ ወይ ረስቶት ይቀራል፣ ወይ እግሩን ሰብስቦ በቂጡ ዘጭ ይላል። ከኋላው የታሰረችው ምን ታድርግ፣ አብራው ዘጭ ትላለች። ሣሩ ላይ ተጠላልፈው ይስቃሉ። ከዚያ የተወሳሰበውን ገመድ ለመፍታት ቁጭ ይላሉ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ያኔ ብቻ ነው። የሜዳው ሰዎች “ድንጋዩ” ብለው ስም አወጡለት።

ሕጉ የታወቀ ነው። በደንብ ማረፍ ያልቻለ ተማሪ ብቻውን አይለቀቅም። የቻለ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱን ሸራ ይዞ ለብቻው ይበራል፤ ከአስተማሪ ጋር መታጠቅ አበቃ።

እንዲህ እያሉ ሳሉ አንድ ቀን እናቱ መጡ።

መኪናቸውን ሜዳው ዳር አስቁመው፣ መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ ጭልፊትን በእጃቸው ጠሯት። ሄደች።

“አንቺ ነሽ አስተማሪዋ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“ጎበዝ ናት ይሉሻል። ልጄ ግን ትናንት ጉልበቱ አብጦ ደረጃ መውጣት አቅቶት አደረ። የኛን ምክር አይሰማም፤ አንቺን ይሰማሻል አሉ። እውነቱን ንገሪው። አልቻለም አይደል?”

ጭልፊት መሬት መሬቱን አየች። “ማረፍ ትንሽ ያስቸግረዋል” አለች።

“ትንሽ! አንድ ቀን እንደወደቀ ቢቀርስ? ያኔ ‘ትንሽ’ ብለሽ ትነግሪኛለሽ?” የእናት ፍርሃት ነው፣ አይፈረድባቸውም። ቀጥለው የተናገሩት ግን ይፈረድባቸዋል። “ደግሞ ልንገርሽ ልጄ፣ ሰው አቅሙን ሲያውቅ ነው የሚያምርበት” አሉና ጫፉ የተቀደደውን የሸራ ጫማዋን አዩት። ስለ ልጃቸው ይሁን ስለሷ ግልጽ አላደረጉም። እሷ ግን ገብቷታል።

በማግስቱ ድንጋዩ እንደልማዱ ዘጭ አለ። በዚህኛው ግን እየጎተታት ነበር የወደቀው፤ የሷ ክርን ተላጠ፣ የሱ ጉልበት ዳግም አበጠ። ጭልፊት ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው ሁሉ በአንዴ ገነፈለባት። ይህ ሰው አንድ ቀን በእጇ ላይ ሊሞት ነው። የምትወደውን ቀብራ ከምትኖር፣ አስቀይማው በሕይወት ቢኖርላት አይሻልም? ተነሳች፤ ተማሪው ሁሉ፣ አባቷም ጭምር እየሰማ ተናገረችው።

“በቃ! ተወው! አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም። ምድር ነው የሚያምርብህ። ነገ እንዳትመጣ!”

ኢንጂነሩ ሄልሜቱን አወለቀ። “እርግጠኛ ነሽ?” አላት።

“እርግጠኛ ነኝ።”

“ገባኝ” አለና እያነከሰ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አንስታ “ጉልበትህ እንዴት ነው?” ብላ ትጽፋለች፣ ታጠፋዋለች። “ይቅርታ” ብላ ትጽፋለች፣ ታጠፋዋለች። እሱም አልደወለም። ክረምቱ መጥቶ ሜዳው ተዘጋ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ተከፈተ። አንድ ጠዋት አባቷ ፒክአፗን እየወለወለ፣ ዓይኗን ሳያያት “ያ ኢንጂነር ቀለበት አሰረ አሉ” አላት። “እሰይ፣ ደግ አደረገ” አለች። ሸራ ማጠፊያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ደግ አላደረገም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮ የተነገራት “አንዲት ሴት ለእጮኛዋ በረራ በስጦታ አስይዛለች” የሚል ብቻ ነበር። ስጦታ የሚቀበል እጮኛ ስንት አለ፤ ልብም አላለችው። ሸራዋን ተሸክማ ወደ ፒክአፗ ስትሄድ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ቀና ስትል ከመኪናው ጎን ኢንጂነሩ ቆሟል።

ክው አለች። ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሁለቱም አንድ ላይ ሌላ ሌላውን አዩ፤ እሱ ጎማውን፣ እሷ ሰማዩን።

“ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ። ጉልበትህስ?”

“ዳነ።”

ይኼው ነው ያሉት። ያን ሁሉ ወር በልባቸው ሲያወሩ የከረሙ ሰዎች!

ከኋላው አንዲት ቀጭን ሴት ብቅ አለች፤ ፊቷ በሳቅ የተሞላ፣ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ የጠመጠመች። “አንቺ ነሽ ጭልፊት? እህቴ፣ ስላንቺ አንድ ቃል አይነግረኝም እኮ! የሚያወራው ስለ ሸራ ብቻ ነው። እናቱ እንደነገሩኝ በእንቅልፉ ሁሉ ‘ሳብ፣ ሳብ’ ይላል። እኔም ከሠርጉ በፊት አንዴ ይብረርና ይውጣለት ብዬ ነው ጎትቼ ያመጣሁት። አልመጣም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር፣ ሙች!”

ፋርማሲስት ናት። ይህንንም ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ፒክአፗ እየተንገጫገጨች ኮረብታውን ስትወጣ፣ ጭልፊት በገመድ የተላጠ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ደብቃ ነበር። ፋርማሲስቷ አየችው። “አምጪ” አለቻት። “ምንም አይደል፣ ለምጄዋለሁ” ብትል ማን ሊሰማት! እጇን ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ መድኃኒት ቤቱን ዘግታ ብትመጣም መድኃኒት ቤቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ጠረገችላት፣ እፍ እፍ አለችላት፣ በፋሻ ጠቀለለችላት።

“ያማል?”

“አያምም።”

“ዋሾ” አለቻትና ሳቀች። “እናንተ ከላይ የምትኖሩ ሰዎች ህመም አለብን ማለት ነውር ነው መሰል። ይኸኛውም እንዳንቺው ነው፤ የሚያመውን አይናገርም።”

ኢንጂነሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ጭልፊት የተጠቀለለ እጇን አየች። የቀለበቱን ወሬ ከሰማች ጀምሮ ይህችን ሴት ሳታውቃት ስትጠላት ከርማለች። ምናለ ትንሽ ክፉ ብትሆንላት! ትንሽ ብትኮራ፣ ጫማዋን ዝቅ ብላ ብታይላት! አሁን በማን ላይ ትናደድ? የራሷን እጅ ይዛ አንገቷን ደፋች።

*

መነሻው ጉብታ ላይ ፋርማሲስቷ “ታች ሆኜ ላንሳህ” ብላ ስልኳን ይዛ ከአባትየው ጋር ወረደች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

ጭልፊት ከፊቷ አቆመችውና መታጠቂያውን አስገባችለት። የቀኙን መቆለፊያ ዘጋች፣ ጎትታ ፈተሸች። የግራውን ዘጋች፣ ጎትታ ፈተሸች። ፀጉሩን ለሠርጉ ተቆርጧል፤ ማጅራቱ ላይ ፀሐይ ያላየው ነጭ መስመር ወጥቷል። እሷ የምታውቀው ማጅራት ይህ አይደለም፤ ሌላ ሰው ያስተካከለው ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያቆስል ያልደረሰበት አያውቅም።

“ስልህ ትሮጣለህ። እስክልህ ድረስ አትቀመጥም።”

“አውቃለሁ።”

“ሩጥ!”

ሮጡ። ሸራው ከኋላቸው ተነስቶ ከራሳቸው በላይ ቆመ፤ እግራቸው አየር ረገጠ፤ ጫጫታው ሁሉ ጠፋ። ሞቃቱ አየር ከስር ገፋቸውና ወጡ። ከታች መንገዱና ጣሪያዎቹ እያነሱ ሄዱ። የሜዳው ጠርዝ ላይ ፒክአፗ አለች፤ ከጎኗ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ትወዛወዛለች፣ ሻርፗን ነው የምታወዛውዘው።

“የታችኛውን እጀታ ልያዝ?” አለ።

“ያዝ።”

ያዘ። ወደ ግራ ዞረ፣ ያ የምታውቀው አዟዟር። ያን ሁሉ ጊዜ ሸራ ያልነካ ሰው አይመስልም። “ጎበዝ” ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። አሁን ይህ ቃል የሷ አይደለም። ከኋላ ሆና እንባዋ ወረደ። አስተማሪ መሆን አንድ ጥቅም አለው፣ የሚያይህ የለም። ነፋሱ እየጠረገላት ዝም ብላ አለቀሰች፤ እሱም ዝም ብሎ አበረረ።

ዝቅ እያሉ ሲመጡ እጇን የላይኛው እጀታ ላይ አጠበቀች።

“ልቀቂው” አላት።

“ምኑን?”

“እጀታውን። ዛሬ እኔ ላሳርፍሽ።”

“አብደሃል? እጮኛህ እያየች? ሠርግህ ደርሶ እግርህን ሰብረህ ልትቆም ነው?”

“አንዴ እመኚኝ። ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅሽም።”

እጀታውን አልለቀቀችም፤ አስተማሪ አይለቅም። ጣቶቿን ግን አላላች። ካጠፋ እንደተለመደው ልትይዘው ተዘጋጀች።

አላጠፋም። ሸራውን ከነፋሱ ፊት ለፊት አዞረው። ሣሩ እየቀረበ መጣ፤ ያን ጊዜ ነበር ሁልጊዜ የሚቸኩለው። አልቸኮለም። ጠበቀ። እሷ በልቧ “አሁን” ስትል፣ እሱም በዚያችው ቅጽበት ሁለቱንም እጀታ እስከ ዳሌው ሳበ። ሸራው ተነፈሰ። እግራቸው ሣሩን ነካ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ሰው ከወንበር ተነስቶ እንደሚቆመው፣ እንዲያ ነው የቆሙት። ሸራው ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተኛ።

ጭልፊት ስንት ዓመት አስተምራለች፤ እንዲህ ያለ ማረፍ በአጋጣሚ እንደማይመጣ ታውቃለች። ይህ ብዙ የደከሙበት፣ እጅ ውስጥ የገባ ነገር ነው።

“ሌላ ቦታ ስትማር ነበር?” አለችው ከጀርባው። አሁንም እንደተቆላለፉ ናቸው፤ ፊቱን አታይም።

“የት ሄጄ? ካንቺ ሌላ ማን አስተማረኝ?”

“ታዲያ ይሄን መቼ ቻልከው?”

“ገና መጀመሪያ ላይ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል” አለ።

“እና ያ ሁሉ መውደቅ...”

“ማረፍ ከቻልኩ ብቻዬን ትለቂኝ ነበራ።”

ወይ ነዶ! ያ ሁሉ ዘጭ ማለት፣ ያ ሁሉ አፈር መላስ፣ ያ ሁሉ ገመድ መፍታት! ሰውየው ማረፍ አቅቶት አልነበረም፤ ከሷ መለየት አቅቶት ነው።

“ጉልበትህስ? ጉልበትህ አብጦ ነበር እኮ!”

“እሱ እንኳን የእውነት ነው። ውሸቱን አበዛሁትና።” ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

“ለምን አልነገርከኝም? ምን ነበረበት ብትነግረኝ?”

“ነገርኩሽ እኮ! በየቀኑ ነገርኩሽ። ሌላ ሰው ቢሆን አይገባውም፤ አንቺ ግን አስተማሪ ነሽ። አውቆ የወደቀን ሰው ሳያውቅ ከወደቀ ሳትለዪ ትቀሪያለሽ ብዬ በምን ልጠርጥር? አውቀሽብኛል ብዬ ነበር። ታውቂያለሽ፣ ዝም ብለሽም አብረሽኝ ትወድቂያለሽ፤ ይህ ነው መልሷ ብዬ ስንት ቀን ተደስቼ ተኝቻለሁ መሰለሽ። ከዚያ ያን ቀን በሰው ፊት ‘ምድር ነው የሚያምርብህ’ ስትዪኝ... በቃ፣ ቁርጤን ነገረችኝ አልኩ። እርግጠኛ ነሽ ብዬም ጠየቅሁሽ።”

“እኔ እኮ...” አለች። “እኔ እኮ እንዳትሞትብኝ ነው።”

ጆሮው ቀላ። እስከ ጫፉ ቀላ፣ እንደ ድሮው።

ከሜዳው ማዶ ፋርማሲስቷ መሮጥ ጀምራለች። ጫማዋን አውልቃ በአንድ እጇ ይዛለች፣ በሌላው ስልኳን። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ቢሆንም እየሮጠች ነው።

“አንድ ቃል በይኝ” አለ ኢንጂነሩ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ። “አሁን፣ እሷ ሳትደርስ። ትወጂኝ ከነበረ በይኝ። እዚሁ እነግራታለሁ። ሠርጉም ይቅር፣ እናቴም ታኩርፍ፣ ምንም ይምጣ። አንድ ቃል ብቻ።”

ቃሉ ነበራት። ምላሷ ላይ ደርሷል። አፏን ከፈተች። ፋርማሲስቷ እየሳቀች፣ እየተደናቀፈች፣ ደግሞ እየተነሳች ትመጣለች። ሩቅ ሆና እንኳን ደስታዋ ይታያል። አንዱን ሰው በሰው ፊት አዋርዳ ሰብራዋለች፤ አሁን ደግሞ ይህችን? እጇን እፍ እፍ ያለችላትን?

እውነቱን ብቻ እንናገር ካልን ይህ ብቻም አልነበረም። ፈርታለችም። የሰውየውን እናት ዓይን ፈርታለች፤ ያንን ትልቅ ቤት ፈርታለች፤ ነገ “ባንቺ ምክንያት” የሚል ቀን ይመጣል ብላ ፈርታለች። ገደል ጫፍ ላይ ሮጣ የምትዘል ሴት አንድ ቃል አስፈራት። የሰው ልብ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

አስተማሪ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ተማሪውን መፍታት ነው። ጭልፊት የቀኙን መቆለፊያ ከፈተች። የግራውን ከፈተች። ጀርባው ከደረቷ ተለየ፤ በመካከላቸው ነፋስ ገባ።

“ሂድ” አለችው።

“ይኼ ነው ቃልሽ?”

“እየመጣች ነው። ሂድ።”

ዞረ። እሷ ግን ቀድማ ጎንበስ ብላ ገመድ መሰብሰብ ጀምራ ነበር፤ ፊቷን ሊያይ አልቻለም። ከራሷ በላይ ጥላው ትንሽ ቆየ። ገመዱ አልተወሳሰበም፤ ይህም አንጀቷን በላው።

*

“አየሁት! አየሁት!” እያለች ፋርማሲስቷ ደረሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። “ማነው ይኼን ሰው ድንጋይ ያለው? እንደ ላባ እኮ ነው ያረፈው!” ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ እሱን ለቀቀችና ጭልፊትን አቀፈቻት። “በሰላም መለስሽልኝ፣ እህቴ። እውነቴን ነው፣ ታች ቆሜ ስጸልይ ነበር። ከእንግዲህ አልፈራም።”

ከዚያ ፊቷን አየችው። “ውይ! ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው? ደም መስሏል!”

“ነፋሱ ነው።”

“ታዲያ መነጽር አታደርጊም? ቆይ፣ ጠብታ አለኝ።” ቦርሳዋን ከፈተች። ጭልፊት “ተይው፣ ይተወኛል” ብትልም አገጯን በሁለት ጣት ይዛ ቀና አደረገቻት። “ወደ ላይ እዪ። ትንሽ ይቆጠቁጥሻል፣ ታገሺው።”

አንድ ጠብታ ወደቀ። ሌላው ወደቀ። ያን ጊዜ ጭልፊት መያዝ አልቻለችም፤ ግድቡ ተናደ። እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ ወረደ፣ አገጯ ላይ ተጠራቀመ፣ አንገቷ ውስጥ ገባ። ፋርማሲስቷ በሰማያዊው ሻርፕ ጫፍ ቀስ እያለች ጠረገችላት።

“ይፍሰስ፣ ይፍሰስ” አለቻት። “ሲፈስ ነው የሚሻልሽ።”

ኢንጂነሩ ከጎናቸው ቆሞ ነበር። ጠብታና እንባ የማይለይ ሰው አይደለም። ግን “ሂድ” ተብሏል፤ አንዴ በሰው ፊት፣ አንዴ በሹክሹክታ። ሦስተኛ የሚጠይቅበት ልብ ከየት ያምጣ? ሄልሜቱን አውልቆ ሣሩ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

“ሠርጉ ላይ ካልመጣሽ ግን እቀየምሻለሁ” አለች ፋርማሲስቷ ጠብታውን እየከደነች። “ከፊት ነው የማስቀምጥሽ።”

“እሺ” አለች ጭልፊት። “እንኳን ደስ አላችሁ።” እንዴት እንደወጣላት እሷም አታውቅም።

ተያይዘው ሄዱ። ፋርማሲስቷ በየመሐሉ እየዞረች እጇን ታወዛውዛለች። እሱ አልዞረም። መኪናቸው ሜዳውን ዞሮ እስኪጠፋ ጭልፊት ቆማ አየችና በቀዩ ሸራ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሸራ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ተማሪዎቿን ስንቴ ተቆጥታበታለች።

አባቷ መጣ። ምሳውን ገና አልበላም።

“አባዬ፣ ልጁ ማረፍ ይችል ነበር” አለችው።

“አውቃለሁ።”

ቀና ብላ አየችው። “ታውቅ ነበር?”

“ከስር ሆኖ የሚያይ ሰው ያያል። መሬት ሊነካ ሲል ነው እግሩን የሚሰበስበው፤ የፈራ ሰው ከላይ ጀምሮ ነው የሚሰበስበው።”

“ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?”

“የምታውቂ መስሎኝ። አስተማሪዋ አንቺ፣ ሹፌሩ እኔ።” ባርኔጣውን አወለቀና በእጁ አሻሸው። “ያን ቀን ስታባርሪውም፣ አውቃ ነው፣ ያንን ቤት ፈርታ ነው፣ ጥበብ ነው ብዬ... እኔም ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ፤ ምን ልዋሽሽ። እናቱ ጫማሽን ሲያዩት አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ቤት ገብተሽ በየቀኑ እንዲያ ከምትታዪብኝ አልኩ።”

ለመቆጣት ብትፈልግ ኖሮ ጊዜው ነበር። አቅም አልነበራትም።

“አባዬ” አለች፣ “እወደዋለሁ።”

ቃሉ ያለ ምንም ችግር ወጣ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? ደግማ አለችው፣ ጮክ ብላ፣ ባዶው ሜዳ ላይ። “እወደዋለሁ እኮ!”

አባትየው መኪናው ወደሄደበት መንገድ አየ። አቧራው እንኳን ተኝቷል። “ነገርሽው?” አላት።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። “አንድ ቃል በይኝ አለኝ። እኔ ሂድ አልኩት።”

መኪናዋን ማስነሳቱንም፣ ሸራውን ማጠፉንም ተወና አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እሷም ትከሻው ላይ ተደፍታ፣ ሰው ያየኛል አላለችም፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።